ከገና እስከ ቃና ዘገሊላ አብረን የወጣንባቸው ቀናት

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሥራዬ የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። በጋ ሲገባ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ወንዝ ዳር ሞተር ይተክላል፤ ሞተሩ ያስቸገረው እንደሆነ ለእኔ ይደውላል። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሽቅብ ደብረ ሲና፣ ብርድ አገር ነው። ሮቢት ስትመደብ ሙቀቱን አንድ ዓመት እንኳ እንደማትችለው እርግጠኛ ነበረች። የተዋወቅነው የትምህርት ቤቱ ፓምፕ ተበላሽቶ ልሠራ የሄድኩ ጊዜ ነው። ተንበርክኬ ብሎን ስፈታ ጥላ ይዛ መጥታ ከላዬ ዘረጋችልኝ።

"ፀሐዩ አናትህን ሊበሳው እኮ ነው" አለችኝ።

እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፤ ፀሐዩን ልብም አላልኩት ነበር። ቢሆንም ሥራውን ሆን ብዬ አዘገየሁት።

ከተጋባን በኋላ አንድ ልማድ አወጣን። ዓመቱን ሙሉ እኔ ከማሳ ማሳ ስዞር፣ እሷ ደብተር ስታርም ነው የምንከርመው፤ አብረን የምንወጣበት ጊዜ የለንም። ስለዚህ ከገና እስከ ጥምቀት ያሉትን ቀናት ለራሳችን ያዝናቸው። የገና ዕለት ከጾም መፍቻው በኋላ አውቶቡስ ይዘን ወደ ደብረ ሲና እንወጣለን። እሷ የልጅነት ብርዷን ትጠግባለች፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ እየተንቀጠቀጥኩ የገና ጨዋታ አያለሁ። ስንመለስ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ቆሎ እንገዛና ሮቢት እስክንደርስ ስንቆረጥም እንመጣለን። ከዚያ የከተራ ዕለት ታቦቶቹን አጅበን ወደ ሮቢ ወንዝ እንወርዳለን። በነጋታው ጥምቀት ነው፤ ሸንኮራ እየመጠጥን ከአንዱ ጭፈራ ወደ ሌላው እንዞራለን። ይኸው ነው። ትልቅ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ዓመቱን የምቆጥረው በእሱ ነበር።

በኋላ ልጃችን ስትወለድ ልማዱ የሦስታችን ሆነ። ደብረ ሲና ላይ በጋቢዬ ውስጥ ሸፍኜ ፊቷን ብቻ አውጥቼ ጨዋታውን አሳያት ነበር። አራት ዓመት ሲሆናት እኔም ልጫወት ብላ አለቀሰች። እናቷ ከወደቀ ቅርንጫፍ ቆልማማ በትር ሰበረችላት፤ ያንን እየጎተተች አውቶቡስ ውስጥ ይዛው ገባች። ረዳቱ የሰው እግር ይመታል ብሎ ሊቀማት ሲል፣ "የእኔ ነው፣ ተጫዋች ነኝ" አለችው። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

አምስት ዓመት ሞልቷት በዚያው ኅዳር ሞተች።

ይህንን ሳልናገር የቀረውን መናገር አልችልም፤ ስለዚህ ባጭሩ ልናገረው። ቆላ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሣል። ሌሊቱን ትኩሳት ይዟት አደረ። ጠዋት ጉንፋን ነው ብዬ ማስታገሻ ሽሮፕ ሰጠኋትና ወደ ጎረቤቷ ከተማ ጀውሃ ሄድኩ። የአንድ ገበሬ ፓምፕ ቆሞ የሽንኩርት ችግኙ ሊደርቅበት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ደወለች።

"ትኩሳቷ አልወረደም። ጤና ጣቢያ ልውሰዳት።"

"ይህን ጨርሼ እመጣለሁ፤ እስክመጣ ጠብቂ" አልኳት።

ጠበቀች። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ልጅቷን ሲያንቀጠቅጣት ተሸክማት ሮጠች። እኔ ስደርስ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ጤና ጣቢያው ከአቅማችን በላይ ነው፣ ደጋ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት አለን። አምቡላንስ ተሰጠን። ደብረ ሲና ሳንደርስ፣ ዳገቱ ላይ እናቷ እጅ ላይ አረፈች። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደና ለብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ ገናም ጥምቀትም ከቤት አልወጣንም። እኔ በዓል ቀን ሥራ ይዤ ወጣሁ፤ ገበሬው እንኳ "ምነው፣ በዓል አይደለም እንዴ?" እያለ ይገረም ነበር። እሷ ቤት ትተኛለች። አንጣላም ነበር። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ተከባበርን፤ ምግብ ላይ "ጨምር" "በቃኝ" እንባባላለን፣ ስወጣ "በሰላም ተመለስ" ትለኛለች። ስለ ልጅቷ ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ልብሷን ማን እንደሰበሰበው፣ የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የለም።

በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጎረቤታችን ወደ እኔ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ እናቴን የሚሆኑ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። ልጃችንን ገና ከአርባ ቀኗ ጀምሮ አዝለዋታል። ግቢ ውስጥ አንድ ካርቡሬተር ፈትቼ በቤንዚን ሳጥብ በአጥሩ ክፍተት ገብተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይህች ሴት በቁሟ እየደረቀች ነው" አሉኝ።

"ምን ላድርግ እትዬ?"

"ከቤት አውጣት። በዓላችሁ እየመጣ አይደል? ድሮ እንደምታደርጉት ይዘሃት ውጣ። ሰው ከሰው ሲቀላቀል አላህ ልብን ያላላል።"

"እሺ የምትል አይመስለኝም።"

"ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። የዚያኑ ቀን እራት ላይ ጠየቅኳት። የገና ዕለት ደብረ ሲና እንውጣ ወይ አልኳት። እንጀራውን እንደያዘች "እንውጣ" አለች። እንዲህ በቀላሉ ትላለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጋቢዬን አሳጥቤ አስተኮስኩ። ለአንድ የማውቀው ሹፌርም ደውዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅኩ፤ አሁን አሁን ሳይደውሉ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። "ሰላም ነው፣ ኑ" አለኝ።

የገና ዕለት አውቶቡሱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ነው የከበደኝ። መንገዱ አንድ ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም። ይህንን ሳላስብ ቀርቼ አይደለም፤ አስቤው፣ እሷ እሺ ካለች ችላዋለች ማለት ነው ብዬ ነበር። መኪናው ልጅቷ ወዳረፈችበት ቦታ ተቃረበ። ወሬ ጀመርኩ። ቁልቁል የሚታየውን ማሳ እያሳየኋት ዘንድሮ ማሾ ጥሩ ይዟል፣ ሽንኩርት ግን ትል ገብቶበታል፣ እገሌ የሚባለው ገበሬ አዲስ ሞተር አመጣ እያልኩ ለፈለፍኩ። እሷ መስኮቱን ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። ቦታውን አልፈን ኩርባውን ስንዞር፣ "እያወራህ አለፍከው" አለችኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረችው። እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም።

ደብረ ሲና ጉም ወርዶባት ነበር። ጨዋታው እንደ ወትሮው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሆነው ተከፍለዋል። ሩሯ፣ ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ ከጉሙ ውስጥ ድንገት እየወጣች ሰው መሀል ትገባለች፤ ሴቶቹ እየጮኹ ይበተናሉ። ባለቤቴ ጠርዝ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብርዱ ጉንጯን አቅልቶት ነበር። ከልጅነት ጓደኞቿ አንዷ አይታት መጥታ አቀፈቻት፤ ጥቂት አወሩ። እኔ ይህን ሳይ እትዬ ልክ ነበሩ አልኩ በሆዴ።

ታች ሰፈር አንድ ሰው ጎደላቸው። ድሮ አንድ ጋራዥ አብረን የሠራን ጓደኛዬ አየኝና፣ "አንተ ቆለኛ! ና ግባ!" ብሎ ጮኸ። አይሆንም አልኩ። እጄን ይዞ ጎተተኝ። ወደ ባለቤቴ ዞር ብዬ አየኋት፤ በአገጯ "ሂድ" አለችኝ። ጋቢዬን አውልቄ ሰጠኋትና ገባሁ።

አላውቅበትም። በሕይወቴ አንድ ጊዜም ተጫውቼ አላውቅም፤ ተመልካች ነኝ። የመጀመሪያዋን ሩር በትሬን ሰንዝሬ መሬቱን ነው የመታሁት፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ ስቼ ራሴ ተንከባልዬ ወደቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ ግን አገኘኋት። እንዴት እንዳገኘኋት አላውቅም፤ ጠቅ ብላ ከበትሬ ተነሥታ በሰዎቹ መሀል አልፋ ጉሙ ውስጥ ገባች። ከወዲያ ማዶ ታች ሰፈር አገባ ብለው ጮኹ። ጓደኛዬ ተሸከመኝ። ላይ ሰፈሮችን ሊሰድቡ ግጥም ጀመሩ፣ እኔም ተቀባይ ሆንኩ፤ ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ አላውቅም። ረስቼ ነበር። ሁሉንም ነገር ረስቼ ነበር።

ላብ እያጠመቀኝ ስመለስ ድንጋዩ ላይ ጋቢዬ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እሷ የለችም። ስፈልጋት ከሜዳው በታች አስፋልቱ ዳር አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ አገኘኋት።

"ምነው? በረደሽ?"

"አልበረደኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። "መሳቅ ትችላለህ" አለችኝ። "አላውቅም ነበር። ያው ሁለታችንም አንድ ነን ብዬ ነበር የማስበው።"

"ይቅርታ" አልኳት።

"ለምን ይቅርታ ትጠይቀኛለህ? ጥፋት አይደለም እኮ። ሳቅክ፤ በቃ።"

ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ዙሪያችንን ከበቡን። ገዛሁ። አንድ ፍሬ እንኳ ሳናነሣ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ሮቢት ደረስን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ራሴን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ሬዲዮ ላይ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ፊቴን አኮሳትራለሁ። ጥምቀት ሲደርስ አንወጣም ብዬ ወስኜ ነበር። የከተራ ዕለት ጠዋት ግን እሷ ራሷ ነጭ ቀሚሷን አውጥታ ስታተኩስ አገኘኋት።

"እንሄዳለን?" አልኳት።

"እንሄዳለን እንጂ፤ እትዬ ምን ይላሉ?" አለች። ለእትዬ ብላ ነው የምትወጣው ወይስ ለራሷ፣ አልገባኝም።

ከተራው በሰላም አለፈ፤ የምናገረው በማግስቱ፣ የጥምቀት ዕለት ያየሁትን ነው። ጠዋት ጸበሉ ተረጨ። ፀሐዩ ገና በሁለት ሰዓት ማቃጠል ጀምሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ በጥላና በነጠላ ተሸፍኖ ወንዙን ሞልቶታል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችንም እንደ ሁልጊዜው ድልድዩ አካባቢ ቆመው ያያሉ፤ እትዬም አንድ ጀሪካን ውኃ ይዘው ለሚያልፈው ያድላሉ። ባለቤቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብሻል" አሏት።

ከወንዙ ማዶ፣ ዛፎቹ ሥር ሴቶች ክብ ሠርተው ይጨፍሩ ነበር። ከበሮ የምትመታው ሴት የገጠር ናት፤ እጇ ከበሮው ላይ ሲያርፍ መሬቱ የሚመታ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ጥቂት ቆማ አየችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ገባች።

ዘፈን ታውቃለች። እስክስታ ታውቃለች። ድሮ ስትገባ ሌሎቹ ቦታ ይለቁላት ነበር፤ አሁንም ለቀቁላት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ሲል፣ ያቺው የጥንቷ ሴት ናት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ አያለሁ። ለመሳቅ ፈራሁ፣ ለማጨብጨብም ፈራሁ። ዳነች አልኩ። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሰው "ሚስትህ ናት እንዴ? ዕድለኛ ነህ" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

ረጅም ጊዜ ጨፈረች። ሌሎቹ ደክሟቸው ሲወጡ፣ አዲሶች ሲገቡ እሷ እዚያው ናት። በኋላ ፊቷን ሳየው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ላብ አለ፤ ሌላ ግን ምንም የለም። ልክ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ነበረች፤ አካሏ ይሠራል፣ እሷ ሌላ ቦታ ናት። ከበሮ መቺዋም ሳታየው አልቀረችም፤ ምቱን ቀስ አድርጋ አበረደችውና አቆመች።

ባለቤቴ ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ሸንኮራ ገዝቼ ነበር፤ ሰጠኋት። ሳትነክሰው ይዛው ቆመች።

"በጣም ጨፈርሽ" አልኳት።

"ልሞክረው ብዬ ነው። አንተ ደብረ ሲና ላይ እንደሆነው፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ልርሳት ብዬ።"

"እና?"

"እግሬ ሥር ስትሽከረከር ነበር" አለች። "እንዳልረግጣት ስጠነቀቅ ነው ሳልወጣ የቆየሁት።"

ሸንኮራውን ከእጇ ተቀበልኳት። ታቦቶቹ ሲነሡ አጅበን እስከ መንገዱ ሄድን። ከዚያ ቤታችን ገባን።

በነጋታው ቃና ዘገሊላ ነው። ድካሙ ስላለ ቤት እንውላለን ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሣ ለብሳ ቁጭ ብላለች።

"ጀውሃ እንሂድ" አለችኝ።

"ጀውሃ ምን አለ?"

"በዓል ሲሆን አዝማሪ ይመጣል አላልከኝም? አንድ ቀን ልውሰድሽ ብለኸኝ ነበር።"

ብያት ነበር፤ ከዓመታት በፊት። ደስ አለኝ። እሷ የመረጠችው መውጫ ነው፤ ደብረ ሲናና ጥምቀት የሦስታችን ትዝታ ስላለባቸው ከበዷት፣ ጀውሃ ግን አብረን ረግጠነው የማናውቅ ቦታ ስለሆነ ይቀላታል ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ባጃጅ ተኮናትረን ሄድን።

ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት አንድ ምግብ ቤት አለ፤ ግቢው ውስጥ ዳስ ጥለዋል። ለበዓሉ መሲንቆ የያዘ አዝማሪ መጥቷል፤ ሽበት የጀመረው ቀጭን ሰው ነው። ሹፌሮች፣ ገበሬዎች፣ ሁለት ሦስት ባልና ሚስቶች ተቀምጠዋል። ጥብስ አዘዝን። ባለቤቴ ከወትሮው በላይ በላች። አዝማሪው እየዞረ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ግጥም ያወርዳል፤ ሹፌሮቹን በጎማቸው ተረባቸው፣ አንዱን ገበሬ ሽንኩርትህ አስለቀሰህ እያለ አሳቀው። ባለቤቴም አንድ ጊዜ ፈገግ አለች። አየሁት፤ እውነተኛ ፈገግታ ነበር።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየን፣ መሲንቆውን አስተካከለና እንዲህ አለ፦

እሱ ጥላ ዛፍ ነው፣ እሷ ምንጭ ውኃ ናት፤
ለከርሞ በሰላም ልጅ ታቅፋ እንያት።

ዳሱ በሙሉ "አሜን!" አለ። አዝማሪው ሰው እንደወደደለት ሲያይ ደገመው። እጄን አንሥቼ ላስቆመው ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተወው" አለችኝ በቀስታ። "አያውቅም። ይጨርስ።"

አዝማሪው ልጁ የማን ፊት እንደሚኖረው፣ ማንን እንደሚመስል ሁለት ሦስት ግጥም ጨመረ። እሷ እስከ መጨረሻው አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠችው። ሲጨርስ ከቦርሳዋ ብር አውጥታ ተነሥታ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። "እግዜር ይስጥልን" አለችው። ሰው አጨበጨበ። ተመልሳ ስትቀመጥ ብርጭቆዋን ልታነሣ ሞከረችና ተወችው።

"እንሂድ" አልኳት።

"እንሂድ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አሳየኝ።"

"ምን?"

"የዚያን ቀን የነበርክበትን ማሳ።"

ያኔ ነው ለምን ጀውሃን እንደመረጠች የገባኝ።

ከአስፋልቱ ወርደን በመስኖ ቦይ ዳር ጥቂት ተጓዝን። ማሳው እዚያው ነው፤ ያኔም ሽንኩርት ነበር የተተከለበት። እኔ የጠገንኩት ሞተር ወንዙ ዳር እየሠራ ነበር፤ ድምፁን ከሩቅ ለየሁት። ባለቤቴ ቦዩ ዳር ቆማ ሞተሩን አየችው፣ ቀይ አፈር የተቀባውን ቧንቧ አየችው፣ ውኃው በየመደቡ ሲከፈል አየችው።

"ከዚህ ሮቢት ምን ያህል ይፈጃል?"

"ዛሬ ስንመጣ አይተሻል።"

"ከአንተ መስማት ፈልጌ ነው።"

"ግማሽ ሰዓት አይሞላም።"

"ስደውልልህ ስንት ሰዓት ነበር?"

"አራት ሰዓት።"

"መቼ መጣህ?"

"አስር ሰዓት።"

ራሷን ነቀነቀች። እኔም ከሁለት ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ያኔ አወጣሁት። ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ነበር። አንዱን ባለሙያ፣ ጠዋት አምጥተናት ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ጥያቄውን ሊሸሽ ሞከረ፤ አልለቅህም አልኩት። በመጨረሻ "ሳትተርፍ አትቀርም ነበር" አለኝ። ይህንን ነገርኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወይም ትመታኛለች። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "እኔም ሄጄ ጠይቄው ነበር። የነገረኝም ይህንኑ ነው።"

ሁለታችንም ያንን አንድ ቃል ይዘን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ከሌላው ደብቆ ከሁለት ዓመት በላይ ኖረናል። ሞተሩ ይጮኻል። ምን ላድርግ? ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። አነሣችኝ።

"አንተን ይቅር ብያለሁ" አለች። "እውነቴን ነው፤ ቆይቷል ይቅር ካልኩህ። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ፣ ልጅቷን አላየሃትም። ያየኋት እኔ ነኝ። ጠብቂ ስትለኝ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። እናት አይደለሁም እንዴ? አቅፌ ብሮጥ ማን ይከለክለኝ ነበር? አንተን ባየሁ ቁጥር የምትታየኝ ያቺ ስልኳን ይዛ በር በር እያየች የምትጠብቅ ሴትዮ ናት። ከአንተ ጋር ሆኜ ከእሷ መገላገል አልችልም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ ደብረ ብርሃን። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀምር እሄዳለሁ።"

"መቼ ጠየቅሽ?"

"ኅዳር ላይ።"

ኅዳር ማለት እኔ እራት ላይ ደብረ ሲና እንውጣ ከማለቴ በፊት ነው። ገናውም፣ ጥምቀቱም፣ ጭፈራውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ታዲያ ለምን አብረሽኝ ወጣሽ?" አልኳት።

"ሳልሞክር ሄድኩ እንዳልል" አለችኝ። "አንተም ሞክረሃል። አየሁህ እኮ፣ በጣም ነው የሞከርከው።"

በባጃጅ ስንመለስ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ተጠግታኝ አታውቅም። ሹፌሩን ጉድጓድ እንዳይመታ ቀስ በል አልኩት። ሮቢት በሩ ላይ እስክንደርስ አልነቃችም።

የካቲት ላይ ሄደች። አልጋዋንና መጻሕፍቷን አይሱዙ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ገመዱን ሳስር አላላሁት ብዬ ሰጋሁና ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት። እትዬ በአጥራቸው በኩል ወጥተው አቅፈዋት አለቀሱ፤ እሷ አላለቀሰችም። መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጇን አወጣች። እኔ እጄን ማንሣት አለማንሣቴን አላስታውስም።

ፍቺ አልፈጸምንም። ሽማግሌ አልላክሁም፤ እሷም አልላከችም። ምን ብሎ ያስታርቃል ሽማግሌ? የተጣላ ሰው የለም። መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው እንባባላለን። ከዚያ በወር ሆነ። ከዚያ በዓል ሲሆን ብቻ። ዘንድሮ የገና ዕለት ደወልኩላት። ፈተና እያረምኩ ነው አለችኝ። እኔም ሥራ ላይ ነኝ አልኳት። ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ ቤት ተጋድሜ ነበር። "እንኳን አደረሰህ" አለችኝ፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳት፤ አብሮ የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ እርማቷ እንደሚጠብቃት ነገረችኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ጥምቀት ዕለት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጸበል ተረጨሁ። ዛፎቹ ሥር ጭፈራው ደምቆ ነበር፤ ከበሮው እስከ ድልድዩ ድረስ ይሰማል። ወደዚያ አልሄድኩም። ታቦቶቹ ሳይነሡ ተመለስኩ፣ የበዓል ልብሴን አወለቅኩ፣ ግቢ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። እትዬ በአጥሩ በኩል አዩኝና መጡ።

"ከእሷ ወሬ አለ?" አሉኝ።

"ደህና ናት።"

"መቼ ትመጣለች?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሲጠይቀኝ "ትምህርት ሲዘጋ" እያልኩ ነበር የምመልሰው።

"አትመጣም እትዬ" አልኳቸው።

አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን በፀሐዩ ምክንያት ወደ ግንባራቸው ሳቡት።